በአንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚመለስ የዘይት ግፊት

ከሥራ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። መኪና ሥር መግባቱ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ መውጣቱ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቼ፣ ሥራዬን ጨርሼ ልውጣ ብል ጉልበቴ አልታጠፍም አለ። ሁለት ሹፌሮች እግር እግሬን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ተነሥቼ ቱታዬን አራገፍኩና «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪና የማየው ከላይ ብቻ ነው» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ ጋራዡን ለሌላ ሰው አስረከብኩ።

ደግሞም ጊዜው ደርሶ ነበር። የዛሬ መኪና ሕመሙን የሚናገረው ለኮምፒዩተር ነው። እኔ የማውቃቸው መኪናዎች በድምፅ፣ በጭስ፣ በጠረን የሚናገሩ ነበሩ። በሽታቸው በሽታቸው ይታወቅ ነበር፤ ቅኔ ልቆጥር ፈልጌ አይደለም፣ እውነቴን ነው።

ሰው ሲያገኘኝ «ሴት ሆነሽ እንዴት ገባሽበት?» ይለኛል። የልቤን የሚጠይቀኝ የለም፤ የትኛው ሞተር ነው እንቅልፍ የነሣሽ የሚለኝ። እንቅልፍ የነሡኝ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ሰው፣ የአያ ይርሳው ናቸው። የመጀመሪያውን መኪናውን ገደልኩበት። ሁለተኛውን ደግሞ ለብረት ቆራጭ ሊሸጠው ቀን ቆርጦ ሳለ ነው ደጄ የመጣው። የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ መንገዱ ግን ትንሽ ይዞራል።

ጅምሬ ግምጃ ቤት ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ የሚባል ነገር ሳታይ፣ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። በሞዴል አሥራ ዘጠኝ እቀበላለሁ፣ በሞዴል ሃያ ሁለት አወጣለሁ። ስለ ደመወዙ ባናወራ ይሻላል። አንድ ደንብ ግን ነበር፤ መካኒክ አዲስ ዕቃ ሊወስድ ሲመጣ አሮጌውን ይመልሳል። ያ ደንብ ትምህርት ቤት ሆነኝ። ቀን ሙሉ የተበላ ጥርስ፣ የተሰነጠቀ ፒስቶን፣ የሰለለ ሞላ በእጄ ያልፋል። ሰው በሌለበት እያገላበጥኩ «ይሄ ለምን በአንድ ጎኑ ብቻ ተበላ?» እላለሁ። መልሱን ሳላገኝ ማደር አልወድም፤ አመል ነው።

አንድ ቀን ዋናው መካኒካችን ጋሽ ዳምጤ አሮጌ ብሮንዚን ሊመልሱ መጡ። ብሮንዚን ማለት ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ትልቁ ዘንግ የሚተኛበት፣ እንደ ግማሽ ቀለበት የጎበጠ ስስ ብረት ነው። በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው፤ ዘይት ሲጎድልበት ይበላል። ገልበጥ አድርጌ አየሁትና «ጋሽ ዳምጤ፣ ይሄ እኮ በጥም ነው የሞተው» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፤ ራሱ ነዋ። ፊቱን ይዩት እንጂ።»

አዩት። እኔንም አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት ወደ መኪናዎቹ ይዘውኝ ይገቡ ጀመር።

ጋሽ ዳምጤ እንደ ስማቸው የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክለው፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ለሰውም እንደዚያው ናቸው። መኪና ሲመጣ ኮፈኑን አይከፍቱም። መጀመሪያ ሹፌሩን ቁጭ ያደርጉትና «ከጠዋቱ ጀምረህ ንገረኝ» ይሉታል። ሰውየው ስለ ጎማው፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ትራፊክ ፖሊሱ ቢያወራ አያቋርጡትም። «መካኒኩ ሲያቋርጠው ሹፌሩ ለመካኒኩ ደስ የሚለውን መናገር ይጀምራል» ይሉኝ ነበር። የዘይት ቀዳዳ ከመክፈታቸው በፊት ደግሞ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይጠርጋሉ፤ ቁርባን የሚቀበሉ ነው የሚመስሉት።

የዘይት ግፊት ጌጅ ላይ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ጌጅ «ከሳሽ» ይሉታል። ከሳሽ እውነቱን ሊናገር ይችላል፤ ሽቦው ላልቶ፣ ወይም ሞተሩ ላይ የተተከለው ሴንሰር ተበላሽቶ ሊዋሽም ይችላል። ስለዚህ ሴንሰሩን ይነቅሉና በቦታው ከቀጭን ቱቦ ጋር የተያያዘች የናስ ጌጅ ይገጥማሉ። እሷ ሽቦ የላት፣ መብራት የላት፤ የሞተሩን ግፊት በቀጥታ ነው የምታሳየው። ስሟ «ምስክር» ነው። ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ መካኒክ ሲያዩ እንደ ዳኛ ይቆጡ ነበር።

ቀጥሎ ሁለት ዓመት ጉንደ ወይን አካባቢ፣ መንገድ ሥራ ላይ ከነበሩ መኪናዎች ጋር ተላክሁ። እዚያ የነበሩት አለቃችን ሞተር አያውቁም፤ ሪፖርት ግን ይወዳሉ። በየሰኞው «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ መኪናው የቆመበት ምክንያት በጽሑፍ ይቅረብ» ይላሉ። አንዴ በጣም ቢመርረኝ «አርጅቷል» ብዬ ብቻ ጽፌ ሰጠኋቸው። ፈርመው ፋይል ውስጥ አስቀመጡት። እዚያ ነው እጄን የፈታሁት፤ ገጠር ላይ ሌላ መካኒክ ስለሌለ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። በወረቀት ግን እስከ ለቀቅሁበት ቀን ድረስ ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ፣ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መውጫ ላይ የራሴን ትንሽ ጋራዥ ከፈትኩ። ጋሽ ዳምጤ ጡረታ ሊወጡ ስለነበር ምስክርን ከነከረጢቷ ሰጡኝ። «ሰነፍ ስትሆኚ ታሳዝንሻለች» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ በአያ ይርሳው ነው። አያ ይርሳው የሮብ ገበያ ሰው ነው። በዚያ በጮቄ ግርጌ የሚመረተውን ድንች በአሮጌ የጭነት መኪናው እየጫነ ያወርዳል፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም። ጋራዡን በከፈትኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የገበያ ቀን መጣና የዘይት ጌጁ ወርዷል አለኝ። ድንች እንደጫነ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር፤ ቸኩሏል። ደጄ ላይ ደግሞ ሌሎች ሦስት መኪናዎች ቆመዋል። በዚያው ሳምንት የተበላሸ ሴንሰር የነበረባቸው ሁለት መኪናዎች ሠርቼ ነበርና ይሄም እነሱን መሰለኝ። ምስክርን ገጥሞ ማየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከረጢቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። አላወረድኳትም።

ከሌላ ዓይነት መኪና የወጣ ሴንሰር ነበረኝ፤ ጥርሱ ልክ ሆነና ገጠምኩት። የጌጁ መርፌ ሽቅብ ወጣ። እኔም ደስ አለኝ፣ እሱም ደስ አለው፤ መረቀኝ። ያልገባኝ ነገር፣ ያ ሴንሰር የተሠራው ለሌላ ጌጅ ስለሆነ ትንሹን ግፊት አብዝቶ የሚናገር ነበር። ሞተሩ እየተጠማ ዳሽቦርዱ ጠጥቷል ይላል። አያ ይርሳው መርፌውን አምኖ ዓባይን ወረደ። በጎሐ ጽዮን በኩል አቀበቱን ሲወጣ ሞተሩ ነከሰና ቆመ።

መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ከፍቼ አየሁት። ፓምፑ ደክሞ ነበር፤ ብሮንዚኑ ተበልቶ፣ ትልቁ ዘንግ ከጥቅም ውጪ ሆኗል። አልሸሸግሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት፤ ያደረግሁትንም ያላደረግሁትንም ነገርኩት። ፓምፑ ሲደክም ብረት ከብረት መፋቁን፣ የተፋቀው ቅንጣት ዘይቱ ውስጥ ተበትኖ የቀረውን መጨረሱንም አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «አንቺ እኮ ጌጁን ነው የጠገንሽው፤ መኪናዬን መች አየሽው?» አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያ መኪና እየተቆራረጠ ተሸጠ። ከዓመታት በኋላ እንደምንም ብሎ ሌላ አሮጌ መኪና ገዛ፤ ደጄ ግን ድርሽ አላለም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፤ ስለ መኪና አንድ ቃል አይወጣውም። ስሙን ይርሳው ያሉት ወላጆቹ እንጂ እሱ የሚረሳ ሰው አይደለም።

አንድ ሰኞ ሚስቱ ይታይሽ መጣች። ፈጣን ናት፤ ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው። አዲሱ መኪና፣ አዲስ ይሉታል እንጂ የእኔ ታላቅ ነው፣ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል። ሦስት ጋራዥ ታይቷል። ሴንሰር ተለውጧል፣ ፊልትሮ ተለውጧል፣ ወፍራም ዘይት ተሞልቷል፤ ባሰበት። ሁሉም ብሮንዚኑ አልቋል፣ ሞተሩ ሞቷል ብለዋል። ለዚያ ሞተር የሚሆን ዘንግ ደግሞ አልተገኘም። ስለዚህ አያ ይርሳው ለአንድ ብረት ገዢ ቃል ሰጥቷል።

«ሮብ ይመጣል» አለችኝ። «ነድቶ እንኳ አይወስደውም እትዬ፣ እንደ ቅርጫ በሬ ቆራርጦ ነው የሚወስደው። እሱ ከሄደ ድንቻችን በአህያ ሊወርድ ነው።»

«አያ ይርሳው ይመጣል?»

«አልመጣም ብሎ ነበር። ካልሄድክ ድንቹን በጀርባህ ተሸከም አልኩት።»

ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ይታይሽም አብራው ከጋቢናው ወረደች፤ እንዳያመልጥ ሳይሆን አይቀርም። «ይታይሽ ልካኝ ነው» አለኝ። እሷን አመሰገንኩና በርጩማ ሰጠሁት። ከዚያ «ከጠዋቱ ጀምረህ ንገረኝ» አልኩት።

ነገረኝ። ጠዋት ሲነሣ መርፌው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወደ ሮብ ገበያ አቀበቱን ሲጋመስ መውረድ ይጀምራል። ያኔ ጥግ ይዞ ያቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይጸልያል፣ ያስነሣል። መርፌው ይመለሳል። ጥቂት እንደሄደ ደግሞ ይወርዳል።

ሦስቱ መካኒኮች ሞኞች አልነበሩም። ሞተር ሲሞቅ ዘይት ይቀጥናል፤ ብሮንዚን ያለቀበት ሞተር ደግሞ ቀጭን ዘይት መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ሲሞቅ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ልክ ነው። እኔም ልነሣ ብዬ ነበር። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ።

«ጸሎቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዳዊት ነው የምትደግመው ወይስ ውዳሴ ማርያም?»

«ድንች ጭኜ ዳዊት የምደግም መነኩሴ ነኝ? አንድ አቡነ ዘበሰማያት ነው።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። እሷንም ቸኩዬ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«አያ ይርሳው፣ በአንድ አቡነ ዘበሰማያት እኮ ሻይ እንኳ አይበርድም» አልኩት።

ኮስተር አለ። «ጸሎትህ አልሠራም ልትይኝ ነው?»

«ኧረ ሠርቷል። በሽታውን ያወጣልን እሱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን የሚያህል ሞተር እስኪበርድ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ግፊቱ በዚያች አጭር ጊዜ የሚመለስ ከሆነ የመለሰው ብርዱ አይደለም፤ የሞተሩ መጥፋት ነው። ሞተር ሲጠፋ ምን ይቆማል? ፓምፑ ዘይት መሳቡን ይተዋል። ፓምፑ ደግሞ ዘይቱን የሚስበው ከሞተሩ ሥር ካለው ማጠራቀሚያ፣ ከኮፓው፣ በአንዲት ወንፊት በኩል ነው። ወንፊቷ ላይ የሚለጠፍ ነገር ካለ፣ እየተሳበ ሲለጠፍ ያፍናታል፤ መሳቡ ሲቆም ደግሞ ይለቃትና ይወድቃል። እንደገና ሲነሣ ጥቂት ጊዜ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ትታፈናለች። ወፍራም ዘይት በታፈነች ወንፊት ለማለፍ ስለሚከብደው፣ ሲሞላባት ለምን እንደባሰባትም ገባኝ። ኮፓውን የከፈተው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ዘንግ እስኪገኝ እየጠበቀ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ገና ግምት ነው። ምስክርን ከግድግዳው አወረድኩ። አያ ይርሳው ስገጥማት ቆሞ ያየኝ ነበር።

«ያኔም ነበረችሽ?» አለኝ።

«ነበረችኝ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

ሞተሩን እስኪሞቅ አሠራነው፤ ይታይሽ ጋቢና ገብታ በእግሯ ነዳጁን ያዘች። ከሳሹ ወረደ፤ ምስክርም አብራ ወረደች። ስለዚህ ውሸት የለም፣ ግፊቱ እውነትም ወርዷል። አስጠፋሁና «በል፣ እንደ ልማድህ» አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ጀመረ። እኔም የዘይት እጄን አጣምሬ አብሬው ደገምኩ፤ ይታይሽም ከላይ ሆና ተቀበለችን። በበሩ ያልፍ የነበረ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ኮፈኑ የተከፈተውን መኪና አየና «ነፍስ ይማር» ብሎን ሄደ። አሜን ብለን አስነሣነው። ምስክር ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጥቂት ቆይታ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለች።

ዘይቱን አፍስሼ ኮፓውን ፈታሁ። ወንፊቷ አልታየችኝም። በቦታዋ የነበረው እንደ ሰሌን ጠፍጥፎ የተሠራ የሚመስል ግራጫ ነገር ነው። በጥፍሬ ላጥኩት፣ በነጭ ጋዝ አጥቤ በጣቴ ዘረዘርኩት። ጥጥ ነው። በልጅነቴ የባዘቶ ጥጥ ያልነካሁ ይመስል ማመን አቃተኝ።

ከመኪናው ሥር እንደተኛሁ «አያ ይርሳው፣ ይሄ ሞተር ጥጥ የት አግኝቶ በላ?» አልኩት።

«ሊሆን አይችልም። የእኔ ሞተር ከማንም የጠራ ዘይት ነው የሚጠጣው። አንዲት ጠብታ ሳላጠልል አልጨምርለትም።»

«በምን ነው የምታጠልለው?»

ወደ ሚስቱ ዞር አለ። ይታይሽ እጄ ላይ ያለውን ጎንበስ ብላ አየች። ከግራጫው መሐል አንዲት አረንጓዴ ክር ትወጣለች። ክሯን ሳብ አድርጋ ወደ ብርሃኑ ያዘቻት።

«የነጠላዬ ጥለት ናት» አለች። «ወሰደችብኝ እያልኩ ሁለት ዓመት አማቴን ሳማ የኖርኩባት ነጠላ።»

አያ ይርሳው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አይደለሽ ያልሽኝ? የመጀመሪያውን የጨረሰው ዘይት ውስጥ የተበተነ ቅንጣት ነው አላልሽኝም? እና ምን ላድርግ፣ ማሩንም የማጠልለው በነጠላ ነው።»

ለካ ያን ቀን ከነገርኩት ሁሉ ይዞ የሄደው ቅንጣቱን ብቻ ነው። ዓመታት ሙሉ ዘይት በጨመረ ቁጥር እንደ ጠጅ ማር እያጠለለ፣ ያለቀችውን ነጠላ በክር በክር ለሞተሩ ሲያጎርስ ኖሯል። ከመኪናው ሥር ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ። ይታይሽ ተከተለችኝ። እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሳቀው፤ ሲጀምር ግን ማቆሚያ አጣ። ስቀን ስንጨርስ የመጀመሪያው ጥፋቴ ሁለተኛውን እንደወለደው ገባኝ፤ ለእሱም ነገርኩት። «እሱማ ግልጽ ነው» አለኝ።

ሳቅ ሞተር አያድንም። ጥጡ በጥም አሰቃይቶት ብሮንዚኑን በልቶት እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረግሁና በጣም የሚጎዳውን፣ ከፓምፑ የሚርቀውን ፈታሁ። ፊቱ ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ ከሥር ያለው ቀይ መዳብ አልወጣም። አርጅቷል፣ አልሞተም። የቀሩትንም አንድ በአንድ አየሁ፤ እንደዚያው ናቸው። ወንፊቷን አጠብኳት፣ ኮፓውን ጠርጌ ገጠምኩ፣ ልከኛ ዘይት ከታሸገው ቆርቆሮ በቀጥታ ሞላሁ። አያ ይርሳው ሳይጠልል ሲፈስ እያየ ፊቱን አዞረ።

ይታይሽ ማክሰኞ ከሰዓት ቀድማን ሄደች፤ ገዢው ቢመጣ እኔ አቆየዋለሁ ብላ። ሮብ ጠዋት እኔና እሱ ተነሣን። ምስክርን አልነቀልኳትም፤ ቱቦዋን አርዝሜ ጋቢና አስገብቼ ጭኔ ላይ ይዣታለሁ። አቀበቱን ጀመርን። ግማሹ ጋ ስንደርስ እግሩ ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ልማድ ነው።

«አትቁም» አልኩት።

«እዚች ጋ ነው እኮ የሚወርደው።»

«ዛሬ እየነዳህ ጸልይ።»

ዓይኑን ሳይጨፍን ደገመ። አቡነ ዘበሰማያት አለቀ፤ ሁለተኛ ጀመረ። መርፌዋ አልነቃነቅ አለች። አቀበቱ አልቆ የሮብ ገበያ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲታዩ ትከሻው ወረደለት።

ገዢው መጋዙንና የብረት መቁረጫውን ይዞ ይታይሽ ደጅ ተቀምጧል፤ ቁርሱን በልቶ ምሳውን እየጠበቀ ነው። አያ ይርሳው ወርዶ እጁን ጨበጠውና መኪናው አይሸጥም አለው። ሰውየው ተቆጣ፤ ቃል ነበረን አለ። አያ ይርሳውም ቃሉ ሞተሩ ከሞተ የሚል እንደነበረና አለመሞቱን እንዳየ ነገረው። ጎረቤቶች ገቡበት፣ ይታይሽ ጠላ ጨመረችለት፤ በረደ። እስከዚያው ግን ወደ ማርቆስ የሚመለሰው የመጨረሻ መኪና አምልጦት ነበር።

ከሰዓት ድንቹ ተጭኖ አለቀ። ገዢው መጋዙን ድንቹ ላይ ወርውሮ ጋቢና ገባና በእኔና በአያ ይርሳው መሐል ተቀመጠ። ሊቆርጠው የመጣውን መኪና ተሳፍሮ ሲሄድ ደስ አላለውም፤ ዓይኑን ከዳሽቦርዱ ጌጅ አልነቅል አለ። የመጀመሪያውን ቁልቁለት እንደወረድን ወደ አያ ይርሳው ዞረ።

«ይሄ ጌጅ የሚለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

አያ ይርሳው ማርሽ ለወጠ። «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለው። «ባለሙያዋ አጠገብህ ተቀምጣለች።»